ራፑን አትዝለሉብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካዊቷ ራፐርና ተዋናይት ኩዊን ላቲፋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ራፑን ግን ወደ ፊልም መሸጋገሪያ ብቻ አድርጋችሁ ማለፋችሁ አልተዋጠልኝም። ላቲፋ፣ በእውነተኛ ስሟ ዴና ኦውንስ፣ የኒውጀርሲዋ የኒውአርክ ልጅ፣ የመጀመሪያ አልበሟን በ1989 (እ.ኤ.አ.) ስታወጣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበረች።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ 1993 ነው። ወንድሟ በሞተር ብስክሌት አደጋ የሞተው ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ነው። የሞተሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ሊቪንግ ሲንግል» በተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ የመጽሔት አዘጋጅ ሆና መተወን ጀመረች (የሙያ ባልደረባዎ ናት እንግዲህ!)። በዚያው ዓመት «ዩኒቲ»ን ለቀቀች። በዘፈኑ ውስጥ መንገድ ላይ ሰውነቷን የነካ ወንድ ዓይኑ ላይ ቡጢ ይቀምሳል። ሴትን መዝለፍ የራፕ ማድመቂያ በነበረበት ሰዓት ይህን ማለት ወኔ ይጠይቃል። ዘፈኑ በ1995 ግራሚ አሸለማት።

«ቺካጎ» ፊልም ላይ ለኦስካር ያሳጫትን የእስር ቤት ኃላፊዋን ገጸ ባሕርይም እስቲ ደግማችሁ እዩልኝ። ያ ትንፋሽ አያያዝ፣ ያ ተመልካቹን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማዘዝ የተማረችው በትወና ትምህርት ቤት አይመስለኝም፤ ማይክ ይዛ ነው።

በሚቀጥለው እትም ለአልበሞቿም ግማሽ ገጽ ብትሰጧቸው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ