የጋሎኑን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ

ውድ አዘጋጅ፣

ሰላም ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ ነው የማነበው፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ያስነሳኝም የመኪና ገጻችሁ ነው። ባለፈው ስለ ሞተር ዘይት በወጣው ጽሁፍ ላይ መኪናውን የሚወድ ሰው ፉል ሲንተቲክ (በፋብሪካ ተቀነባብሮ የተሰራ የሚባለውን ዘይት) ይጠቀም፣ መኪናው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ወፈር ያለውን ይምረጥ ተብሎ በሁለት መስመር ታልፏል። ውሸት ነው ልል አይደለም፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግን እኔ በዚህ ግማሽ እውነት አንዴ ስለተቃጠልኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያገለገለ መኪና ገዛሁ፣ ቤንዚን፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ያለው። ማኑዋሉ (የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ) ከነላስቲኩ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ማን ያየዋል። መካኒኬ ከፈት አድርጎ አየና «ይሄ ሞተር ሰርቷል፣ 20ደብሊው-50 እናድርግበት፣ ወፍራም ስለሆነ ይይዝልሃል» አለኝ፣ እኔም ጋሎኑ ላይ ሲንተቲክ የሚል ጽሁፍ ሳይ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ከዛ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳስነሳው ለጥቂት ሰከንድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ማሰማት ጀመረ፣ ወር ሳይሞላ ደግሞ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ስካን ሲደረግ የቫልቭ ታይሚንግ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ሰዓት) ችግር ነው ተባለ፣ ሴንሰር ተቀየረ፣ የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ሶሌኖይድ ወጥቶ ታጠበ፣ መብራቱ ጠፍቶ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። በመጨረሻ አንድ የስራ ባልደረባዬ ነው «ቆይ ምን ዘይት ነው ያደረግክበት?» ያለኝ። ማኑዋሉን አወጣን፣ 5ደብሊው-30 ይላል። በዛው ቀየርነው፣ መብራቱም ድምጹም ጠፋ፣ ይኸው እስከዛሬ አልተመለሰም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። በብዙ የአሁን ሞተሮች ላይ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ እያዞረ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ሰዓት የሚያስተካክለው ራሱ የዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው የሚያልፈው፣ ከተገቢው በላይ ከወፈረ በሰዓቱ አይደርስም፣ ኮምፒውተሩ ያዘዘው ሳይፈጸም ሲቀር መብራት ያበራል። በሌላ አነጋገር ዘይት አሁን ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ ብረት ያንቀሳቅሳል፣ ይሄን ድሮ የነበሩ ሞተሮች አያውቁትም፣ የወፍራም ዘይት ምክርም ከዛ ዘመን ነው የመጣው።

ቁጥሩን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያነበው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ደብሊው የምትለዋ ፊደል በእንግሊዝኛ ክረምት ማለት ናት፣ ከሷ በፊት ያለው ቁጥር የሚናገረው ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሳት ምን ያህል እንደማያስቸግር ብቻ ነው። 0ደብሊው በ35 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ 5ደብሊው በ30፣ 10ደብሊው በ25፣ 15ደብሊው በ20 ነው የሚፈተሹት። ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት ነው። 30 የተባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ ይገባል፣ 40 ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3። ስለዚህ 0ደብሊው-30 እና 5ደብሊው-30 ሞተሩ ከጋለ በኋላ አንድ ክልል ውስጥ ናቸው ማለት ነው፣ ሰው ግን ዜሮ የሚል ሲያይ ውሃ የገዛ ይመስለዋል።

«እኛ ጋ በረዶ የለም፣ የፊተኛው ቁጥር ምን ያደርግልናል» የሚሉ አሉ፣ በከፊል ልክ ናቸው። ግን ከ100 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር 20 ዲግሪም ብርድ ነው፣ ያደረ መኪና ሁሌም በቀዝቃዛ ዘይት ነው የሚነሳው። ዘይቱ ቶሎ ላይኛው ክፍል ካልደረሰ እኔ የሰማሁትን ቀጭ ቀጭ ትሰማላችሁ።

አሁን ሲንተቲክ ወደሚለው ቃል ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ። የሞተር ዘይት የሚሰራባቸው መነሻ ዘይቶች በአምስት ግሩፕ ይከፈላሉ። አንድና ሁለት ተራው ሚነራል የምንለው ነው። ግሩፕ 3 እሱም ከድፍድፍ ነዳጅ ነው የሚወጣው፣ ግን በሃይድሮጅንና በከፍተኛ ግፊት ሞለኪውሉ ተሰባብሮ ተስተካክሏል። ግሩፕ 4 ፓኦ የሚባለው ነው፣ ከትንንሽ ሞለኪውሎች ተገጣጥሞ የተሰራ፣ ድሮ ሲንተቲክ ሲባል ሰው የሚያስበው እሱን ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ኤስተርን ጨምሮ፣ ግሩፕ 5 ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዘይት አምራቹ ሞቢል በተፎካካሪው በካስትሮል ላይ «ግሩፕ 3 እየሸጠ ሲንተቲክ ነው ይላል» ብሎ አቤት አለ፣ የማስታወቂያ አቤቱታ የሚያየው አካል ግን ለካስትሮል ፈረደ፣ ከዛ በኋላ ሲንተቲክ የሚለው ቃል ለግሩፕ 3ም ለግሩፕ 4ም ሆነ። በኔ እምነት ይሄ የሚያስለቅስ ነገር አይደለም፣ ደህና የተሰራ ግሩፕ 3 ጥሩ ዘይት ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ቱርቦ ላይም ከሚነራል በጣም ይሻላል። እኔ የምለው ጋሎኑ ፊት ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ፉል ሲንተቲክ ስለ እናንተ ሞተር የሚነግራችሁ ነገር በጣም ትንሽ ነው።

የሚነግራችሁ ጀርባው ነው። እዛ በትንንሽ ፊደል ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የጥራት ደረጃ) የሚል አለ፣ ኤስ የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ ሲ የሚጀምሩት ለናፍጣ ናቸው። ኤስኤን በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ ኤስፒ በ2020፣ ኤስኪው ደግሞ በ2025፣ ወደፊት በሄደ ቁጥር አዲሱ ደረጃ ነው። ኤስፒ የመጣው ለቀልድ አይደለም፣ ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ሲጫኑ ነዳጁ ብልጭታው ሳይመጣ በፊት የሚፈነዳበት ችግር ነበረባቸው፣ ፒስተን የሚሰነጥቅ ነው፣ ለዚህም ዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ አስተዋጽኦ እንዳለው ታወቀና አሰራሩ ተስተካከለ፣ የታይሚንግ ካቴና መበላትንም አብሮ ይፈትሻል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሰው አሮጌ ደረጃ ያለው ሲንተቲክ ገዝቶ «ሲንተቲክ ነው እኮ» ቢል አይጠቅመውም።

ናፍጣ ሆኖ የጭስ ማጣሪያ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማህበር ደረጃ) የሚለውን እዩ፣ እዚህ ሲ2፣ ሲ3 እያሉ የሚሄዱት (ከኤፒአዩ ሲ ጋር አታምታቱት) አመዳቸው የቀነሰ ነው። ጥላሸቱን ማጣሪያው ራሱ ያቃጥለዋል፣ ከዘይቱ ተጨማሪዎች የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም፣ እዛው ተከማችቶ ማጣሪያውን ይደፍናል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋው ዘይት ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፣ ያልተፈቀደ ዘይት ጎማውን እያላላ ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ይሄን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

አንድ የቃል ጨዋታም አለ። የመኪናው አምራች ፈትሾ ያጸደቀው ዘይት አፕሩቭድ (የጸደቀ) ይላል፣ ከነ ኮዱ። ሪኮመንድድ (ይመከራል) ወይም ሚትስ (ያሟላል) የሚለው ግን የዘይቱ ሻጭ የራሱ ቃል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ዋስትና ላይ ያለ መኪና ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ወፍራም ዘይት ሙሉ በሙሉ ተሳስታችኋል እንዳልል አንድ ነገር ልመን። ብዙ ማኑዋል ላይ እንደ አየሩ ሁኔታ ሁለት ሶስት አይነት ይፈቀዳል፣ መኪናው ዘይት መብላት ከጀመረ ከተፈቀዱት ውስጥ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን መሞከር ምንም አይደለም። ከ30 ወደ 40 መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ከ5ደብሊው-30 ወደ 20ደብሊው-50 መዝለል ግን ሌላ ነው።

ሲንተቲክ አሮጌ መኪና ያፈሳል የሚባለው ደግሞ እንዲሁ ወሬ ሆኖ የቀረ ነው ለማለት ይቻላል፣ የሚያፈሰው ቀድሞ ያለቀው ጓርኒሲዮን ነው፣ ቆሻሻ ደፍኖት የቆየውን ጥሩ ዘይት ሲያጥበው ይታያል፣ በቃ። መንገድ ላይ ዘይት ቢጎድልባችሁና ያገኛችሁት ሚነራል ብቻ ቢሆን ጨምሩበት፣ ይደባለቃሉ፣ ከባዶ ይሻላል፣ ጥራቱ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ሞተር አይሞትም። ዘይቱ ከጠቆረም አትደንግጡ፣ ውስጡ ያለው ማጽጃ ስራውን እየሰራ ነው። ግን እባካችሁ ጋሎኑ ላይ 15,000 ኪሎ ሜትር ስለተባለ ብቻ አቧራ ውስጥ እየነዳችሁ፣ አጭር አጭር መንገድ እየሄዳችሁ፣ ቆሞ ሞተር እያስነሳችሁ እስከዛ አትጠብቁ፣ በአጭር ጉዞ ዘይቱ በደንብ ስለማይግል ነዳጅና እርጥበት ይጠራቀምበታል፣ ማኑዋሉም ለእንዲህ አይነት አነዳድ የተለየ አጠር ያለ ጊዜ አለው። ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ የሚያሳልፍ ሰው አሁንም አለ፣ ይገርመኛል።

ስለዚህ ውድ አዘጋጅ፣ ልመናዬ አጭር ነው፣ በሚቀጥለው እትም «ያረጀ ከሆነ ወፈር ያለውን» የምትለዋን መስመር አስተካክሉልን፣ በቦታዋም ማኑዋላችሁን ክፈቱ የሚል አስገቡበት። ማኑዋል የጠፋበት ሰው ካለ የብዙ አምራቾች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ የመኪናውን ዓመትና የሞተሩን አይነት በትክክል ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አንድ ስም ያለው መኪና ሁለት ሶስት አይነት ሞተር ሊኖረው ስለሚችል።

መካኒኬን ግን አልተቀየምኩትም፣ እጁ ጥሩ ነው፣ አሁንም እሱ ጋ ነው የምሄደው። ዘይቱን ግን እኔው ራሴ ይዤ ነው የምገባው።

የዘወትር አንባቢያችሁ