መግሉ ቆመ፣ መስማቱስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ጆሮ መግል የጻፈውን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። እህቴ መግል ይወጣው ለነበረው ጆሮዋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትወጣ ጠያቂው ሁሉ ያላት አንድ ነገር ነው፤ «መግሉ ቆመልሽ?» ትሰሚያለሽ ወይ ያላት ግን አልነበረም። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

በርግጥ መግሉን ማድረቅ ይቀድማል። በተለይ ኮሌስቲያቶማ ከሆነ፣ ማለትም ቆዳ ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ እያደገ አጥንት የሚበላው ዓይነት፣ ዝም ከተባለ ፊትን ሽባ ሊያደርግ፣ አልፎም አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ አደጋውን ያስወግዳል። ግን በዚያው ማብቃት የለበትም።

ድምፅ ከታምቡሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚሻገረው በሦስት ትንንሽ አጥንቶች ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው ከሦስቱ መሃል ላይ ያለው ነው። እሱ ከጎደለ የታምቡሩ ቀዳዳ ቢደፈንም ድምፁ መሻገሪያ ያጣል። ደግነቱ ምትክ አለው፤ ከታካሚው ከራሱ አጥንት ይቀረጻል ወይም ከታይታኒየም የተሠራ ይገባለታል፣ አንዳንዴ እዚያው በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴ ደግሞ ከወራት በኋላ ጆሮው እንደገና ተከፍቶ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ። ታማሚው ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው «ደርቆልኛል እኮ» ብሎ ሁለተኛውን ቀጠሮ ይተወዋል።

ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የመስማት ምርመራ ይሠራልኝ ብላችሁ ጠይቁ የምለው። ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ድምፁን በማዳመጫ ያሰማል። ሌላው ከጆሮ ጀርባ አጥንቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይልካል። ወረቀቱ ላይ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው ቀዶ ሕክምና ሊያጠበው የሚችለው። ውስጠኛው ጆሮ ራሱ ከተጎዳ ግን አጥንት መተካት አይመልሰውም፣ ያኔ ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ነው የሚያግዘው። ጆሮው ለዚህ መሣሪያ ካስቸገረ ደግሞ በአጥንት በኩል ድምፅ የሚያሰማ አለ።

የጆሮ ጠብታም በራስ ፈቃድ አይሁን። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው እንደ ጄንታማይሲን ያለው የፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ሰው የተረፈችውን መስማት በጠብታ ሲያጣት ያሳዝናል።

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ጆሮ መግል ጽፎልናል፣ እናመሰግናለን። ቀጥሎ ደግሞ የመስማት ምርመራ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ባለሙያ ጠይቃችሁ ብታስነብቡን ለብዙ ሰው ይደርሳል።

አንባቢያችሁ