ለሩጫ ይሆናል ተብሎ የተሸጠልኝን ባለ ሶስት ጎማ የልጅ ጋሪ በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

ሰላም ናችሁ፣ ይሄን ደብዳቤ የምፅፍላችሁ በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ "ባለ ሶስት ጎማ የሩጫ ስትሮለር፣ ባለ አየር ጎማ፣ ለአስፋልት ለኮብልስቶን ለአሸዋ" ብላችሁ ለጥፋችሁ ስለሸጣችሁልኝ የልጅ ጋሪ ነው። ደውያለሁ፣ ቮይስ ልኬያለሁ፣ ሱቁ ድረስም ልጄን አዝዬ መጥቻለሁ፣ ያገኘሁት መልስ ግን "የተሸጠ እቃ አይመለስም" እና "አያያዝሽ ነው" ብቻ ስለሆነ አሁን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በፅሁፍ ላስቀምጥላችሁ፣ ስልክ የሚያነሳው ልጅ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ራሳቸው እንዲያነቡልኝም እለምናለሁ።

እኔ አቶቴ ነው የምኖረው። ከመውለዴ በፊት ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እሮጥ ነበር፣ ሀዋሳ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ፀሀዩ ሳይበረታ አየሩ ደስ ይላል፣ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል። ልጄ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ሀኪሙን ጠይቄ፣ አንገቱም ወገቡም ጠንክሯል ቀስ እያልሽ ጀምሪ ስባል ነው ጋሪ መፈለግ የጀመርኩት። እናንተ ጋ የመጣሁትም ማስታወቂያው ላይ "የሩጫ" የሚል ስላለበት ነው እንጂ ለመንሸራሸሪያማ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ባለ አራት ጎማ ፒያሳ ሞልቷል።

ዝም ብዬም አልገዛሁም። "ይሄ ጋሪ እውነት ይሮጥበታል ወይስ ለእግር ጉዞ ብቻ ነው?" ብዬ ፅፌ ጠይቄያችኋለሁ፣ የመለሳችሁልኝ ቮይስ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ "እህቴ ሶስት ጎማ ያለው በሙሉ የሩጫ ነው አታስቢ" ይላል። ቅሬታዬ በሙሉ እዚህች አረፍተ ነገር ላይ ነው ያለው ምክንያቱም ይሄ እውነት አይደለም። ሶስት ጎማ ቅርፅ ነው፣ በጠባብ ቦታ ለመዞር ይቀላል፣ መልኩም ያምራል፣ ስለዚህ ብዙ አምራቾች ለተራ መንሸራሸሪያ ጋሪም ያንኑ ቅርፅ ይሰሩታል። የሩጫ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፣ ጎማው ትልቅ እና አየር የሚሞላ መሆኑ፣ ብዙዎቹ የፊቱ 12 ኢንች የኋላዎቹ 16 ኢንች ናቸው፣ የፊቱ ጎማ ወደ ጎን እንዳይዞር ጠብቆ የሚቆለፍ ወይም ከነአካቴው የማይዞር መሆኑ፣ ከስሩ ንዝረቱን የሚውጥ ሞላ መኖሩ፣ ጋሪው ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሄድ እጅ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ መኖሩ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ እንደ ሳይክል በእጅ የሚጨበጥ ፍሬን አለ። እናንተ ከሸጣችሁልኝ ላይ ከነዚህ ውስጥ አንዱም የለም፣ ፊት ለፊቱ ያለው መቆለፊያም ስሙ ነው እንጂ ተቆልፎም ይወዛወዛል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ይሄ ነው። የወንበሩን ጨርቅ ለማጠብ ስናወልቀው ከስር ብረቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አገኘን፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሲተረጎም "ይህ ምርት ለሩጫም ሆነ ለስኬቲንግ አይሆንም" ይላል። ይሄ ዝም ብሎ የተለጠፈ ነገር አይደለም፣ ኢኤን 1888 የሚባለው የአውሮፓ የልጅ ጋሪ ስታንዳርድ ለሩጫ ባልተሰሩ ጋሪዎች ላይ ግድ እንዲፃፍ የሚያዘው ማስጠንቀቂያ ነው። ማለትም የሰራው ፋብሪካ ራሱ አትሩጡበት እያለ እናንተ ሩጡበት ብላችሁ ሸጣችሁ! ካርቶኑ ውስጥ የአጠቃቀም መመሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሱቅ መጥቼ ስጠይቅም "እሱ ምን ያደርግልሻል" ነው የተባልኩት፣ ቢኖር ኖሮ ይሄ ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ ገፁ ላይ ይሆን ነበር።

ስለ ጎማው ደግሞ ላውራ። ማስታወቂያው ባለ አየር ጎማ ይላል። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አስፋልት ላይ ሳይቀር ልጁ ሲንቀጠቀጥብኝ ደውዬ ስነግራችሁ "ጎሚስታ ጋ ወስደሽ ንፋስ አስሞዪው" አላችሁኝ፣ እሺ ብዬ ወሰድኩት፣ ጎሚስታው አገላብጦ አየውና ቫልቮላ የለውም አለኝ። ድፍን ፎም ነው፣ ውስጡ ከመነዳሪም የለ ምንም የለ፣ ንፋሱ ምኑ ጋ ነው የሚሞላው? የምትሸጡትን እቃ አንድ ቀን እንኳን ከካርቶን አውጥታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ፎም ጎማ መጥፎ ነው አላልኩም፣ አይተነፍስም፣ በሐይቁ ዳር በኩል ላለው የግራር እሾህ ስጋት የለበትም፣ ለሴራሚክ ወለል እና ለለስላሳ መንገድ ጥሩ ነው፣ ግን ይደርቃል፣ የመንገዱን ጉርብጥብጥ በሙሉ ወደ ልጁ ወገብ ነው የሚያሳልፈው። የአየር ጎማ ቢሆን ኖሮ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ፣ በየሳምንቱ ንፋሱን ማየት አለብሽ፣ ስንት መሞላት እንዳለበት ጎማው ጎን ላይ ተፅፏል ከዛ ማለፍ የለበትም፣ ጎሚስታው ለመኪና በሚጠቀምበት ኮምፕሬሰር በአንዴ ከለቀቀበት ትንሿ ከመነዳሪ ትፈነዳለች፣ ስለዚህ በእጅ መንፊያ ቀስ ተብሎ ነው። ይሄን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ሆኜ ነው የገዛሁት፣ የከፈልኩትም ለአየር ጎማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቅ ስንመለስ፣ እየሮጥኩ እንዳይመስላችሁ መሮጡን ጎማው መወዛወዝ ከጀመረ ወዲህ ትቼዋለሁ፣ ቀስ ብዬ እየሄድኩ የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስደርስ የፊቱ ጎማ ከመቀመጫው ወልቆ ሄደ፣ የጋሪው አፍንጫ ድንጋዩ ላይ ወደቀ፣ እጀታው ከእጄ ሊነጠቅ ምንም አልቀረው፣ ልጄ በደረቱ ወደፊት ሄዶ ቀበቶው ላይ ተንጠለጠለ። ቀበቶው ሁለት በትከሻ ሁለት በወገብ አንድ በእግሩ መሀል የሚይዝ ስለሆነ እና ሁሌም አምስቱንም ስለማስረው ነው በፊቱ ያልተደፋው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጭረት እንኳን የለበትም፣ ግን ከኋላዬ ሲመጣ የነበረው ባጃጅ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምፅፈው ደብዳቤ ሌላ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ቤት የገባሁት።

ወንድሜ መናኸሪያ አካባቢ ሳይክል ጠጋኝ ነው፣ ሀዋሳ ላይ ስንት ሳይክል እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ጎማ እና ኩሽኔታ ሲያይ ነው የሚውለው። ፈታትቶ አየው። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ፒን በፕላስቲክ ክሊፕ ነው የሚቆለፈው፣ ሲገባ "ቀጭ" ይላል ገባ ትያለሽ፣ ግን ፒኑ ውስጥ ክፍተት ስላለው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ክሊፑን እየበላው ይሄዳል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁን በፎቶም በቪዲዮም ልኬላችኋለሁ መታየቱን የሚያሳየው ሁለት ምልክት ሆኖ አይቼዋለሁ ስለዚህ አላየንም አትበሉኝ። ብረት ቢሆን እበይደው ነበር ፕላስቲክ ግን አይበየድም፣ ባስተካክለውም ልጅ አላስቀምጥበትም ነው ያለኝ። የፊት ጎማ ነገር ቀላል አይደለም፣ በ2010 ዓ.ም የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የፊት ጎማቸው እየወለቀ ሰው ጎዳ ብሎ አንድ የታወቀ የሩጫ ጋሪ አምራችን እስከ መክሰስ ደርሷል፣ ያውም እነዛ በእውነት ለሩጫ የተሰሩ ነበሩ።

"አያያዝሽ ነው" ላላችሁት መልስ ልስጥ፣ በጣም ያናደደኝ እሱ ነውና። እጀታው ላይ ቦርሳም ፌስታልም አንጠልጥዬ አላውቅም፣ ሶስት ጎማ ወደ ኋላ እንደሚገለበጥ አውቃለሁ፣ የገዛሁትን ከስር ባለው ቅርጫት ነው የማደርገው እሱንም ከባድ አልጭንበትም። በቆምኩ ቁጥር የእግር ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ ረግጬም ገፋ አድርጌ አረጋግጣለሁ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ እንጂ በጎማ ውሃ አልለቅበትም ምክንያቱም ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ እና በቀላል ሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ ነው የማሰጣው። ማታ ቤት ነው የሚያድረው፣ በረንዳ ላይ ፀሀይ ላይ አልተውኩትም። ከዚህ በላይ ምን አይነት አያያዝ ነው የምትፈልጉት? ዊልቸር ላይ ሰው እንደማስቀመጥ ነው የያዝኩት።

ሌላም ልጨምር፣ ከኔ ጋሪ ጋር ባይገናኝም ቻናላችሁን ሌሎች እናቶች ስለሚያዩት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ከተወለደ ቀን ጀምሮ" ብላችሁ ፅፋችኋል፣ ወንበሩ ግን እስከ መጨረሻ አይዘረጋም፣ አራስ ልጅ ደግሞ በጀርባው ለጥ ብሎ ነው መተኛት ያለበት፣ ቀና ባለ ወንበር አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹን ይዘጋበታል። ደግሞ አንዱ ፖስት ላይ "ፀሀይ ሲበረታ በነጠላ ወይም በብርድልብስ ሸፍኑት" ብላችኋል፣ ኧረ በእናታችሁ ይሄን አጥፉት! ጋሪ ሲሸፈን አየር አይዘዋወርም፣ ስስ ጨርቅ ቢሆን እንኳን ውስጡ በትንሽ ጊዜ እንደ ምድጃ ይግላል፣ በሀዋሳ የመጋቢት ፀሀይ ደግሞ አስቡት። ጥላውን ማውረድ፣ ወይም በጥላ በኩል መሄድ፣ ወይም ቤት መቆየት ነው።

ግድግዳችሁ ላይ "የተሸጠ እቃ አይመለስም" ብላችሁ ለጥፋችኋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ሸማች ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ የገዛው እቃ ጉድለት ከተገኘበት ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፣ ዋስትና ይኑርም አይኑርም። እኔ ሱቃችሁ ስመጣ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር፣ ደረሰኙ ላይ ቀኑ አለ፣ ቴሌግራም ላይም አለ። ስለዚህ ደግነት እየጠየቅኩ አይደለም።

የምፈልገው ይሄ ነው። ገንዘቤን ሙሉውን እንድትመልሱልኝ፣ ወይም በእውነት ለሩጫ የተሰራ፣ አየር ጎማ ያለው፣ የፊቱ ጎማ በብረት የሚታሰርና የሚቆለፍ፣ የእጅ ማሰሪያ ያለው፣ መመሪያው አብሮ የመጣ ጋሪ ካላችሁ ልዩነቱን ጨምሬ እወስዳለሁ፣ ግን ፊት ለፊቴ ተገጣጥሞ፣ ኮብልስቶን ላይ ተገፍቶ ካየሁት በኋላ ነው። ያንኑ ፕላስቲክ ቀይራችሁ መልሳችሁ ልትሰጡኝ ካሰባችሁ አልቀበልም፣ የተሰበረው አንዱ ይሁን እንጂ አሰራሩ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ላይ "የሩጫ" እና "ባለ አየር ጎማ" የሚለውን አንሱት፣ ይሄንኑ ሞዴል የገዙ ሌሎች ሰዎች ስልካቸው እናንተ ጋ አለ፣ ደውላችሁ አትሩጡበት፣ የፊቱን ክሊፕም እዩት በሏቸው። ይሄ ከኔ ገንዘብ በላይ ነው፣ አንዷ እናት ዛሬ ማታ ሐይቅ ዳር ይዛው ልትወጣ ትችላለች።

እስከ አርብ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ካልመለሳችሁ ሰኞ ጠዋት ቮይሱን፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ የብረቱን ፅሁፍ ፎቶ፣ ደረሰኙን እና የተሰነጠቀውን እቃ ይዤ የከተማችን ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ጋሪው ከነካርቶኑ ቤት ነው ያለው፣ ሰው ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ስለምገኝ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ፣ ገንዘቡ ግን ጋሪው ከቤቴ ከመውጣቱ በፊት በአካውንቴ መግባት አለበት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ሀዋሳ አቶቴ