ለልጅህ ስል የጻፍኩልህ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቶሮንቶ ብርድ እንደሆነ አይለመድም፤ ሌላው ሁሉ መልካም ነው። ከመልእክትህ ጋር የላክኸውን የልጅህን ፎቶግራፍ ሳይ፣ አንተ ራስህ በዚያ ዕድሜህ ጓንት አጥልቀህ የቆምክ መሰለኝ። ትከሻው ያንተ፣ አቋቋሙ ያንተ። ይህን ሁሉ ዓመት ተጠፋፍተን ኖረን፣ ወሬህ በልጅህ በኩል ስለመጣልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከጻፍከው ውስጥ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አሰልጣኙ «ይህ ልጅ ቡጢ አይሰማውም፣ ፊቱን ሰጥቶ ነው የሚገባው» እንዳለህ በኩራት ነግረኸኛል። ኩራትህ ይገባኛል። በቀበሌው አዳራሽ ስንለማመድ እኔና አንተ ከሚመታው ይልቅ ተመትቶ የማይወድቀውን ነበር የምናደንቀው። ለዚህም ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ፤ ታገሰኝ።

ከዚህ ከተማ ሰው ልጀምር። ቦክሰኛው ጆርጅ ቹቫሎ እ.ኤ.አ. በ1937 እዚሁ ቶሮንቶ ተወለደ። ወላጆቹ ክሮኤሽያውያን ስደተኞች ነበሩ፤ አባቱ የቄራ ሠራተኛ ነበር። ቹቫሎ በከባድ ሚዛን 93 ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ተጋጥሞ አንድም ቀን መሬት አልነካም። አልተሸነፈም አላልኩህም፤ 18 ጊዜ ተሸንፏል። ነገር ግን የእነዚያን የዓለም ሻምፒዮኖች፣ የጆ ፍሬዘርንም፣ የጆርጅ ፎርማንንም፣ የመሐመድ አሊንም ቡጢ የተቀበለው ቆሞ ነው።

ከአሊ ጋር መጀመሪያ የተገናኙት ማርች 29 ቀን 1966 ነበር። አሊ በቬትናም ጦርነት ላይ በተናገረው ንግግር የተነሣ የአሜሪካ ከተሞች ግጥሚያውን አናስተናግድም አሉ፤ ወደ ቶሮንቶ ዞረ። አስቀድሞ የተያዘው ተጋጣሚ ኧርኒ ቴሬል ራሱን ሲያገልል ቹቫሎ በ17 ቀን ዝግጅት ብቻ ገባ። አሥራ አምስቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ አሊ በነጥብ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሊ ጎኑንና ወገቡን ክፉኛ ተመትቶ ስለነበር ሽንቱ ደም ሆኖ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ቹቫሎ ከሚስቱ ጋር ለጭፈራ ወጣ። ይህን ራሱ ቹቫሎ ሲያወራ አይሰለቸውም ነበር። ግጥሚያው የተካሄደበት ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ዛሬ ምድር ቤቱ የምግብ መደብር ሆኗል፤ አንዳንዴ ሽንኩርትና ሩዝ የምገዛው እዚያ ነው።

ይህን ሰው አከብረዋለሁ፤ እስክሞትም አከብረዋለሁ። አንገቱ ወፍራምና ጠንካራ ነበር፤ ጠንካራ አንገት ጭንቅላት በድንገት እንዳይዞር ይረዳል። የሚመጣውን ቡጢም ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ቡጢውን ያየ ሰው ጡንቻውን አጥብቆ ይጠብቀዋል፤ ሰውን የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በፍጥነት ስለሚጠመዝዘው አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፤ ያኔ ሰውዬው ራሱን ይስታል።

ታዲያ ያልወደቀው ሰው አንጎሉ አልተነካም ማለት ነው? አይደለም። ወተት ሲናጥ ቅሉ አይሰበርም፤ ውስጡ ያለው ግን እንደ ነበረ አይቀርም። የኒው ጀርዚው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ቦክሰኞች ሲጽፍ፣ አረማመዳቸው እየተንገዳገደ፣ አነጋገራቸው እየተጎተተ፣ ሐሳባቸው እየዘገየ የሚሄደው ብዙ ቡጢ የጠገቡት እንደሆኑ አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር የጨመረልን ነገር አለ። አንጎልን የሚጎዳው ራስን የሚያስተው ቡጢ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ከቁብ ሳይቆጥር የሚያልፈው፣ በልምምድ ላይ በየሳምንቱ የሚቀበለው ቡጢም ይጠራቀማል። ምልክቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ቶሎ የሚወድቅ ልጅ ቶሎ ይተወዋል፣ ወይም ዳኛው ያስቆምለታል። የማይወድቀው ግን ሙሉውን ይቀበላል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጄሪ ኳሪን ታስታውሰዋለህ? ቹቫሎ በ1969 በሰባተኛው ዙር በዝረራ ያሸነፈው ካሊፎርኒያዊ ነው። ጎበዝ፣ አስተዋይ ቦክሰኛ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚችል ሰው ነበር። በሃምሳዎቹ ዕድሜው ግን ልብሱን የሚያለብሰውና የሚያጎርሰው ሌላ ሰው ሆነ። በ1999 ሲሞት ገና 53 ዓመቱ ነበር።

አሊንም እንውሰድ። ወጣት ሳለ ማን ይነካው ነበር? ኋላ እግሩ ሲከብድ መቻልን መረጠ። በልምምድ ላይ ሳይቀር ሰውነቴ ይልመድ እያለ ሆን ብሎ ራሱን ያስመታ ነበር። ኪንሻሳ ላይ በ1974 ገመዱን ተደግፎ ፎርማንን አደከመው፤ ዓለም አጨበጨበ፤ እኛም አባቶቻችን ሲያወሩት ሰምተን አጨበጨብን። በ1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ከተቀጣቀጠ በኋላ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ኩላሊቱ መጎዳቱን የሚያሳየውን የምርመራ ውጤት ለአሊም፣ ለሚስቱም፣ ለቅርብ ሰዎቹም ላከ። መልስ አላገኘም። ሥራውን ለቀቀ። ከሁሉም ይህ ሐኪም ይበልጥብኛል፤ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ይበቃል ያለ እሱ ነው። አሊ መጋጠሙን ቀጠለ፤ በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረ።

አንተም አባት ነህና የቹቫሎን መጨረሻ ልንገርህ። ሦስት ወንዶች ልጆቹን ቀበረ። ሁሉንም የወሰዳቸው የአደገኛ ዕፅ ጣጣ ነው፤ አንዱ በ1985፣ አንዱ በ1993፣ አንዱ በ1996። ሁለተኛው ልጅ በሞተ በቀናት ውስጥ እናታቸው በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። ፎርማን ያልጣለው ሰው ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሲነሣ ግን በካናዳ ትምህርት ቤቶች እየዞረ ወጣቶችን ከዕፅ እንዲርቁ መምከር ያዘ፤ ብዙ ዓመት ይህን ሠራ። በስተርጅናው ግን የመርሳት ሕመም ያዘው።

ልጁን ቦክስ አስተወው አልልህም። ስፖርቱን እወደዋለሁ፤ እኔንና አንተን ከስንት ነገር እንዳዳነን እናውቃለን። የምለምንህ ሌላ ነው። ሲመታ ስለቻለ አታሞግሰው። ጎንበስ ብሎ ሲያስመልጥ፣ በእግሩ ሸሽቶ በግራው ሲመልስ ያኔ ጮኸህ አጨብጭብለት፤ ልጅ አባቱ ያጨበጨበለትን ነው የሚደጋግመው። የምር መመታታት ያለበት ልምምድ አልፎ አልፎ ይሁን እንጂ የዘወትር ሥራ አይሁን። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው መከላከያ የፊት ቆዳ እንዳይተረተር ይጠቅማል፤ አንጎል እንዳይናወጥ ግን አያደርግም፤ በእሱ አትተማመን። ዞረብኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ ብርሃን አስጠላኝ ካለህ ያን ቀን ይቁም፤ ሐኪም ሳያየው ወደ ጓንቱ አይመለስ። ውድድር ላይ ደግሞ አንተ ከጥጉ አትራቅ፤ ግጥሚያው ይቁም ብሎ ፎጣውን ለመወርወር እፍረት የማይዘው ሰው እዚያ መኖር አለበት።

ልጁ እንዳይከፋው ፈርተህ ለመናገር ከከበደህ እኔ እነግረዋለሁ። ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ መጀመሪያ አንተን፣ ቀጥሎ ልጁን አገናኘኝ። የአሰልጣኙንም ስልክ ያዝልኝ። የመጨረሻውን ግጥሚያ የቀረፀው ሰው ካለ ቪዲዮውን ከዚያ በፊት ላክልኝ፤ እጁን የት እንደሚያወርድ አይቼ ልነግረው እፈልጋለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ