አልጋው ላይ የተኛውን ሰው ማን ይጠይቀው? ከወሎ ለክልሉ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በአካል ሕመም ሆስፒታል ለሚተኙና ለሚመላለሱ ሰዎች የሥነ ልቦና ምርመራና ድጋፍ እንዲኖር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሙያዬ ሥነ ልቦና ነው፤ የምሠራው ግን ትምህርት ቤት ነው። ሆስፒታልን የማውቀው እንደ አብዛኛው የወሎ ሰው በአስታማሚነት ነው። ስንቅ ይዤ ገብቻለሁ፣ ወረፋ ጠብቄያለሁ፣ ጋቢ ለብሼ ኮሪደር ላይ አድሬያለሁ።

ስለ አእምሮ ሕክምና ክፍል ልጽፍ አይደለም። እሱ የራሱ ብዙ ጣጣ አለው፤ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። የምጽፈው ስለ ስኳር ታካሚው፣ ስለ ቲቢ ታካሚው፣ አጥንቱ ስለተሰበረው፣ ካንሰር ስለተገኘባት ሴት ነው። እነዚህ ሰዎች ሐኪም አላቸው፣ ካርድ አላቸው፣ መድኃኒት አላቸው። ውስጣቸው እንዴት እንደሆነ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ጠዋት ራውንድ ይመጣል። ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋው አጠገብ ይቆማል። «እንዴት አደሩ አባቴ?» ይላል። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዜር ይመስገን» ይባላል። አለቀ፤ ወደሚቀጥለው አልጋ። ወሎ ውስጥ ግን ማመስገን አደብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒስ ሲቆጥር ያደረ ሰውም ያመሰግናል። ልጁን ቀብሮ የመጣም ያመሰግናል። «ተመስገን አለ» ተብሎ «ደኅና ነው» ከተባለ ማንም ሳይመረመር ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። «እንቅልፍ ወሰደዎ? ሌሊት ሲነቁ ምን ያስባሉ? ድሮ ደስ ይልዎ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው በምስጋና ብቻ አያልፍም። ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያወራል።

መጠየቂያው ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ድባቴን፣ ማለትም የማይለቅ ከባድ መከፋትን፣ ለመለየት የሚያገለግለው ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይደመራል። በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ ተፈትኗል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች፣ አንዱ ነገር ሁሉ ስለማስጠላቱ፣ ሌላው ስለ መከፋት፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃሉ። ነርሷ የደም ግፊት እየለካች ልትጠይቃቸው ትችላለች።

አደራ ግን፣ ወረቀቱ ታትሞ በየዋርዱ (በየሕሙማን መኝታ ክፍሉ) ተበተነ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። መጠይቁ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም ይጠይቃል። ትናንት ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው መቼ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይኖረዋል? የኩላሊት ታካሚ ሁሉ ይደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ለሆስፒታል ታካሚዎች ተብሎ የተዘጋጀው ባለ 14 ጥያቄ የጭንቀትና የድባቴ መለኪያ እንዲህ ያሉትን የአካል ምልክቶች ሆን ብሎ የተዋቸው ለዚህ ነው። ፒ ኤች ኪውም ቢሆን 10 ነጥብን እንደ መለያ መውሰድ በየቦታው እኩል አይሠራም። ነጥቡን የሚያነብ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር መለኪያዎቹ ለተማረ ሰው መሠራታቸው ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚፈትነው፣ ከ30 የሚታረመው የታወቀ ፈተና፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድን ይጠይቃል። ሌላው ሰዓት ሥል ይላል። (ያውም የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት እየተለየ!) ፊደል ያልቆጠሩ የደላንታ ገበሬ ይህን ቢወድቁ ምን ይገርማል? ይልቅ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የባቲ ገበያ ሰኞ እንደሚውል የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «ከባቲ ገበያ ወዲህ ስንት ቀን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ሰውየው ቀኑን ማወቅ አለማወቁን ይነግራል። ከከሚሴ በኩል የመጣው ደግሞ ኦሮምኛ፣ ከአፋር የመጣው አፋርኛ፣ ከሰቆጣ የመጣው ኽምጣንጋ ሊሆን ይችላል የሚናገረው። አሁን አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የገዛ ልጁ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ «አባባ፣ መሞት አስበህ ታውቃለህ ወይ ይሉሃል» ብሎ እንዲያስተረጉም ማድረግ ነውር ነው።

መሞትን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ጥያቄ የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ። «ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ይላሉ። ጥናቶቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ በቀጥታና በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ «ደኅና ነህ፣ ሂድ» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያነጋግረው፣ ቤተሰቡን ሊያማክር፣ የሚመለስበትን ቀጠሮ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ያለ ምንም ተጨማሪ ሕንፃ ከነገ ጀምሮ ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ሆስፒታሉን አልጠራም። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እግራቸው ቆስሎ፣ ቁስሉ ጠቁሮ ተኙ። እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ለእኛ የተነገረን ኮሪደር ላይ ቆመን፣ አላፊ አግዳሚው እየገፋን ነው። ለእሳቸው ደግሞ የነገራቸው የለም። ያወቁት የሚፈረመው ወረቀት ሲመጣ ነው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ በየቀኑ ታየ። ስኳሩ፣ ሙቀቱ፣ ግፊቱ ሁሉ ተጻፈ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋላቸው ግን የትም አልተጻፈም። ምግብ እንቢ ሲሉ «ለምኗቸው» ተባልን። መርፌውን እንቢ ሲሉ «አስቸጋሪ ታካሚ» ተባሉ። ለእኔ ሹክ ያሉኝ ሌላ ነው፤ «በሰው ጫንቃ ላይ ወድቄ ኖሬ ምን ላደርግ?» አሉኝ። አስቸጋሪ አልነበሩም፤ ተስፋ ቆርጠው ነበር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለድባቴ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል እንደሆነ በሙያው የታወቀ ነው። የከፋው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ቁስሉ አይድንም፣ ተመልሶ ይተኛል። በገንዘብ ቢሰላ እንኳ የሚያዋጣው ቀድሞ መጠየቁ ነው።

ያነሳቸው ምን መሰላችሁ? እግራቸውን ካጡ ዓመታት ያለፋቸው አንድ ሰውዬ ለቀጠሮ መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሠራሽ እግራቸውን ሱሪያቸውን ሰብስበው አሳዩዋቸው። «እኔ ዛሬ በሬ ጠምጄ አርሳለሁ፤ አብሽሪ» አሏቸው። በማግስቱ ሾርባ ጠጡ። በአጋጣሚ ነው የሆነው፤ ማንም አላሰበበትም። ታስቦበት ቢሠራ ደግሞ ምንም ያህል ወጪ የለውም፤ ከሕመሙ ጋር መኖር የለመዱ ሰዎችን መዝግቦ፣ የመጓጓዣ ሸፍኖ፣ አዲስ ታካሚ ሲኖር መጥራት ነው።

እኛ ለመርዶ እንኳ ሥርዓት አለን። ማን ይንገር፣ በስንት ሰዓት ይነገር፣ ማን አጠገቡ ይቀመጥ ተብሎ ይመከርበታል። ካንሰር ነው፣ እግር ይቆረጣል፣ ኩላሊት ሠርቶ አይሠራም የሚለው ዜና ከመርዶ በምን ያንሳል? ኮሪደር ላይ የሚነገረው ሐኪሙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስቀምጥበት ክፍል ስለሌለው ነው። በር የሚዘጋበት፣ ሦስት ወንበር ያለው አንድ ጠባብ ክፍል ይበቃል። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የታጨቀባቸውን ክፍሎች ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

ምርመራው በሌላም በኩል ያስፈልጋል፤ የአእምሮ መስሎ የአካል የሆነ ሕመም ብዙ ነውና። ሽማግሌው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማታ ማታ መቃዠት ይጀምራሉ፤ ልጆቻቸውን አይለዩም፣ ጉሉኮሱን ይነቅላሉ። ቤተሰብ «ለክፏቸዋል» ይላል። ፈርሞ ያወጣቸውና ወደ ጠበል ወይም ወደ ሸኽ ይወስዳቸዋል። እኔ ከጠበልም ከዱዓም ጸብ የለኝም፤ ቄሱም ሸኹም አልጋው ድረስ መጥተው ቢጸልዩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያ ድንገተኛ መቃዠት ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የሽንት መታገት ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በቶሎ ከተገኘ ይታከማል፤ መንገድ ላይ ግን ይገድላል። ነርሷ ይህን ለይታ ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ብታስረዳ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር።

እንቅርትም አለ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይከብደዋል፣ ይደበታል፤ ሲበዛ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቀት ነው ይባላል። በቲቢም እንዲሁ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለያዘው ሰው ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ሳይክሎሰሪን የተባለ መድኃኒት ድባቴም የአእምሮ መታወክም ሊያስከትል ይችላል። ከደሴ አለፍ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲህ ዓይነት ታካሚዎችን ሲያክም ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን። ሁለቱም ሕመሞች ሰውን ከሰው የሚለዩ ናቸው። ከቤተሰብ ተለይቶ የሚታከም ሰው ብቸኝነቱም እንደ ሕመሙ ክትትል ይፈልጋል።

ጦርነቱንም እናንተው ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነው ሆነ፤ ከዚያ በፊት ወልድያ። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘርፏል፤ አልጋና ማሽን ቀስ በቀስ ተተክቷል። ዛሬ ለራስ ምታት፣ ለጨጓራ፣ ለልብ ምት ተመላላሽ ክፍል ከሚመጣው ሰው መካከል ያን ጊዜ ያየው ነገር ያልለቀቀው አለ። የጨጓራ መድኃኒት ኦሜፕራዞል ተሰጥቶት ይሄዳል፤ በወሩ ይመለሳል። ደግሞም ነርሶቹና ሐኪሞቹ ራሳቸው ያንን ጊዜ አብረው ነው ያሳለፉት። ለእነሱም የሚያስብላቸው ያስፈልጋል።

«ሳይካትሪ ክፍል አለ፣ ሪፈር ይደረጋሉ» እንደምትሉ እገምታለሁ። አዎ አለ። ባለሙያዎቹም ይደክማሉ። ግን የስኳር ታካሚዋን «አእምሮ ክፍል ሂጂ» ብትሏት አትሄድም። ጎረቤት ቢያያትስ? «እገሊት አበደች» ቢባልስ? ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ኩታበር መኪና ትሳፈራለች። ስለዚህ ባለሙያው ወደ ታካሚው ይሂድ። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይኑረው። በራውንድ አብሮ ይዙር። ያኔ የሚያነጋግራት ሰው የክትትሏ አካል ይሆናል እንጂ ክፉ ስም አያሰጣትም።

ባለሙያ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦናም የአእምሮ ሕክምናም ያስተምራል። ችግሩ መደብ ነው። በብዙ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚባል የሥራ መደብ የለም፤ ስለሌለ አይቀጠርም። እኛ የተማርነው እንደምታዩት ትምህርት ቤት፣ ድርጅት፣ አንዳንዱም ባንክ ገብተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ጠቅላላ የጤና ባለሙያዎችን ለአእምሮ ጤና የማሠልጠን መርሐ ግብር በአገራችንም ሲሠራበት ቆይቷል፤ ሥልጠናው ጤና ጣቢያ ብቻ ሳይቀር ዋርድ ድረስ ይግባ። የድባቴ መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊንም ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ አይጥፉ፤ ለይተን አውቀን የምንሰጠው ከሌለ ማጣሪያው ለሪፖርት ብቻ ይሆናል።

ሁሉንም በአንዴ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው መጠይቁንም ክፍሉንም አይደለም። በወሎ በሚገኝ በእያንዳንዱ ሪፈራል ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ሥራው የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምናና የሥር ሰደድ ሕመም ክትትል ታካሚዎችን ማየት ብቻ የሆነ፣ ቋሚ መደብ ይኑር። ሌላ ሥራ ተደርቦበት እንዳይጠፋ ኃላፊነቱ በጽሑፍ ይሰጠው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመደብ ጥያቄ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የሚቀርበው። ጊዜው ሳያልፍ ብታዩልን፣ መልሱንም በደብዳቤ ሳይሆን በቅጥር ማስታወቂያ ብናየው እንወዳለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ