ወንዱ የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጽሐፍ እያከራየሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ሰሞን በጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ የኛ ልቦለድ ሴት ልጅን ማስለቀስ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አንባቢውም ሰልችቶታል ብለው ነበር። እኔ ጋ የሚመጣው አንባቢ አልሰለቸውም። በተለይ ሴቶቹ።

እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው እዚህ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይይዛሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን አዝለው ይገባሉ፤ እንጀራው ሳምንቱ ሳያልቅ ይሻግትና የቀረውን ቀን በበሶና በድርቆሽ ይገፉታል። ከናታቸው ጉያ ሲወጡ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላቸው ነው። ከተማው ውስጥ የሚያውቁት ትልቅ ሰው ቢኖር የቤት አከራዩ ነው። የኪራዩ ቀን ሲያልፍ፣ እሱም ማታ ማታ “ለብቻሽ ላናግርሽ” ማለት ሲጀምር ለማን ይነገራል? ለአባት ቢነገር ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። ነይ ግቢ፣ ባል አግቢ ነው የሚከተለው።

እነዚህ ልጆች በጣም የሚወዱት አንድ ልቦለድ አለ። ስሙን ተዉት፣ እሱን የመሰለ ብዙ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ዘመድ ቤት በሠራተኝነት ትገባለች፣ አባወራው ሌሊት በሯን ይከፍታል፣ ታረግዛለች፣ እመቤቲቱ ታባርራታለች፣ ከዚያ መጠጥ ቤት፣ ከዚያ ሞት። መጽሐፉን ከእጅ ብዛት ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ነው የያዝኩት። አንድ ቀን ሲመለስልኝ ገጹን ስቆጥር (ቀደው የሚወስዱ ስላሉ ሁሌም እቆጥራለሁ) ልጅቷ የምትባረርበት ቦታ ላይ፣ ዳር ላይ፣ በእርሳስ፣ በተማሪ እጅ ጽሑፍ “እሱስ?” ይላል። ከሥሩ ሌላ እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ “እሱማ ምን ይሆናል” ብሎ መልሷል።

ያን ቀን በጊዜ ዘግቼ እሱን ፍለጋ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የለም። እሷ ከተባረረች በኋላ ስሙ አንድም ቦታ አይነሣም። እሷ ግን ገጽ በገጽ ትቀጣለች። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ልቦለድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ወንዱን ነው።

አነጋገራችንም ያግዘዋል። “ተበላሸች” እንላለን። “ሳታገባ አረገዘች”፣ “ዲቃላ ወለደች”፣ “ወጥታ ቀረች”። ሁሉንም ያደረገችው እሷ ናት። ማን አበላሻት፣ ከማን አረገዘች የሚለው ከአፋችን አይወጣም። ደራሲዎቻችንም ከሰፈር የሰሙትን እንዳለ ይጽፉታል። እኔ ግን ጉድለት ነው ብዬ ብቻ አላልፈውም፤ ደራሲው ሳያስበው እውነቱን አወጣው። ሰውየው ከታሪኩ ሹልክ እንዳለ ከሰፈሩም እንዲሁ ነው ሹልክ የሚለው፣ ጠያቂ የለውም።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ የኛው የጎጃም ሰው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አያድርም። ሁሉም የፍቅር መጽሐፍ ነው ይለዋል። ነው። ግን ሰብለ ወንጌል ለምን ሳታገባ ቆየች? አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለጋብቻ የሚመጣውን ሁሉ በዘር እየመዘነ ስለመለሰ ነው፣ እሷን የጠየቃት የለም። ደራሲው ታዲያ አባትየውን አይለቁትም። ያንኑ ሰው ባላገሩን ያለ አግባብ ካልገበርክ ሲል፣ ባላገሩም እምቢ ብሎ ሲያምፅበት ያሳዩናል። ገበሬውን የጨቆነውና ልጁን እቤት ያስቀረው ያው አንድ ሰው መሆኑን አንባቢ በዓይኑ ያያል። የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸው ጉዱ ካሳ ደግሞ ፊት ለፊት ይናገረዋል። እኔ በዚህ መጽሐፍ ካለቀስኩት የተናደድኩት ይበልጣል።

ሕጉም ጋ ሄጄ አይቻለሁ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያ ተነሥቷል፣ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። ግን አንቀጽ 625ን አንብቡት። በችግሯ ወይም በሥልጣኑ ተጠቅሞ፣ አስተማሪም ይሁን አሠሪ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት ሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው የሚቀጣው በቀላል እስራት ነው፣ ያውም አቤቱታ ሲቀርብ። ማን ነው የሚያቀርበው? ከአሥራ ስምንት በታች ላለችው ቅጣቱ ይከብዳል፤ ግን እሷም ካልተናገረች ማን ያውቃል? ያቺ ስንቅ አዝላ የመጣች ልጅ ለምን አቤት እንደማትል በፖሊስ መዝገብ አይገኝም፤ አቤት ካላለች መዝገቡም አይከፈትም። ልቦለድ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሌሊቱን ሙሉ “ጥፋቱ የኔ ይሆን?” እያለች ስትገላበጥ አድራ፣ ጠዋት ለዚያው ሰውዬ ቁርስ ስታቀርብ።

የጥበብ ገጻችሁ ጸሐፊ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ለገበያ ብሎ የሚጽፍ አለ። የልጅቷን ስም ሳይነግረን ጡቷንና ዳሌዋን የሚዘረዝር፣ ስትደፈር እንኳ ዓይኑን ከገላዋ የማያነሣ። እሱን ለመለየት ሦስት ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ከመደርደሪያዬ አውጥቻለሁ። ኪራዩ ቀረብኝ፣ ይቅር። ግን በሱ ሰበብ “የሴት ለቅሶ በቃን” ከተባለ የሚዘጋው የነዚያ ልጆች አፍ ነው።

ባለፈው አንዷ ያን በፕላስተር የያዝኩትን መጽሐፍ ስትመልስ አምስት ብሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች። “እትዬ፣ መጨረሻው ላይ ባትሞት ምን ነበረበት?” አለችኝ። የምሰጣት መልስ አልነበረኝም፣ በምትኩ የምሰጣት መጽሐፍም አልነበረኝም።

ልመናዬ ይሄ ነው። መጽሐፍ ስትገመግሙ የቋንቋውን ውበት ከጻፋችሁ በኋላ ወንዱ የት እንደገባም ጻፉ። ልጅቷ የማትሞትበት፣ ሰውየውም ሳይጠየቅ የማይቀርበት ልቦለድ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ርዕሱን በገጻችሁ አውጡልኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ብር ሰጥቼ አስገዛለሁ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ።

መጽሐፍ አከራይዋ፣ ከደብረ ማርቆስ