መርማሪዎቹ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ይጠብቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ አንድ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልቦለድ ያወጣችሁትን ግምገማ አንብቤ መጽሐፉን ገዛሁት። ደራሲው ማስነበብ ይችልበታል። ወንዱና ሴቷ መርማሪ አንድ የኮንትሮባንድ መዝገብ ይዘው፣ መረጃ እየሾለከባቸው፣ እርስ በርስ እየተጠራጠሩ የሚሠሩበት የመጀመሪያው አጋማሽ እኔ የኖርኩበትን ቢሮ አስታውሶኛል። ቅር ያሰኘኝ ኋላ የተማመኑበት መንገድ ነው፤ ገምጋሚያችሁ ደግሞ አብዝቶ ያደነቀው ይህንኑ ነው።

እሱ ለእሷ ሲል ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ይደብቃል። እሷ ለእሱ ስትል ያለ ማዘዣ በእኩለ ሌሊት ኮምቦልቻ የሰው መጋዘን ትሰብራለች። ተኩስ ይከፈታል፣ እሱ ይቆስላል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ አለቀ፤ ተማመኑ! እኔ ወሎ ውስጥ በመርማሪነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዛሬ ለእኔ ብሎ ኤግዚቢት የደበቀ ባልደረባ ነገ በእኔ ላይ የማይደብቀው ለምንድን ነው? መጽሐፉ መልስ የለውም።

በእኛ ሥራ ሰው የሚለካው በምርመራ ማስታወሻው ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪ የዕለት ሥራውን እንዲመዘግብ ያዝዛል። አንድ ጊዜ የእህል መጋዘን ተሰብሮ መዝገቡን የያዘው ባልደረባችን ዘበኛውን አጥብቆ ጠረጠረ፤ አለቃም ወደዚያው አዘንብሏል። በዚህ መሃል አንዲት ቡና አፍዪ ዘበኛው ያን ሌሊት ኩታበር ለቅሶ ቤት እንዳደረ ለባልደረባችን ነገረችው። እሱና እሷ ብቻ ነበሩ፤ ቢያልፈው ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን የራሱን ጥርጣሬ የሚያፈርሰውን ቃል፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጽፎት መዝገቡ ወደ እኔ ሲዛወር አነበብኩት። አለቃችን ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ከረመ። ዘበኛው ተለቀቀ፤ ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የዚያን ሰው መዝገብ ሲሰጡኝ አልፈራሁም። ከዓመታት በኋላ ያገባሁትም እሱን ነው፤ የዚያን ዝርዝር ለጋዜጣ አልጽፍም።

ሕጉን ማክበር ታሪክ ያደርቃል የሚሉ ደራሲዎች አሉ። እስቲ ያንኑ የልቦለዱን የኮምቦልቻ መጋዘን እንመልከተው። ሕጉ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይሁን ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ማዘዣቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ከአጥሩ ማዶ መኪና ውስጥ ሆነው ሌሊቱን ይጠብቁ። ሁለቱም ስልክ ይዘዋል። እያንዳንዳቸው መረጃ የሚያሾልከው ሌላው ነው ብለው ያስባሉ። እሱ ውሃ ሽንት ሊሸና ሲወርድ እሷ ሰዓቷን ታያለች፤ ለምን ዘገየ? እሷ ስልኳን ስታበራ እሱ ብርሃኑን በዓይኑ ጠርዝ ይከተላል። መጀመሪያ የሚያንቀላፋው ማነው? አሳልፎ ይሰጠኛል ከሚሉት ሰው አጠገብ እንቅልፍ በቀላሉ አይመጣም። ንጋት ላይ እሷን እንቅልፍ ጥሏት ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ቢያርፍ፣ እኔ በበኩሌ መጽሐፉን ጨርሼ ካልሆነ አልተኛም ነበር። ጥይት አንድም አልተተኮሰም።

የተጠርጣሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለቱ አንዱን ሾፌር ምድር ቤት ቆልፈው ለሳምንታት ያቆዩታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ግን የያዝከውን ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርብ ይላል። ይህ ሁልጊዜ እንዳልተከበረ አንባቢም እኔም እናውቃለን፤ ልቦለድ ያንን ቢያሳይ አልከፋም። የከፋኝ ይህን የሚያደርጉት የምንወዳቸው ሁለቱ ሆነው ሳለ ምነው የሚላቸው አንድ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ ተራኪው እንኳ ዝም። 48 ሰዓት እየቆጠረ፣ ምስክር ገና አልተገኘ፣ ዳኛው ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራው ተጨማሪ ጊዜ፣ ይስጡ አይስጡ ሳይታወቅ መሮጥን የመሰለ ሰቀቀን ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ መጽሐፉን ወዶታል። «አንቺ ሴትዮ፣ ልቦለድ እኮ ነው፤ መዝገብ አደረግሽው» ይለኛል። የቆሰለው መርማሪ ሆስፒታል ተኝቶ የሚጽፍላትን ደብዳቤም ጮክ ብሎ አንብቦልኛል። ደብዳቤው ጥሩ ነው፣ አልክድም።

በጀርባ ሽፋኑ ላይ ሁለተኛ ቅጽ እንደሚቀጥል ተጽፏል። ሲወጣ እገዛዋለሁ። ግን ያ የተደበቀው ኤግዚቢት ምን ሆነ? ተከላካይ ጠበቃው ከዝርዝሩ መጉደሉን ደርሶበት፣ ሴቷ መርማሪ ምስክር ሆና ቀርባ፣ ከማለች በኋላ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች? ትዋሽለታለች ወይስ ታስይዘዋለች? ደራሲው ሁለተኛውን ቅጽ ከዚያ ቢጀምርልን።

ጡረተኛ መርማሪ፣ ከደሴ